የአካል እንቅስቃሴ ማነስ፣ የኦክስጅን እጥረት እና ኦክሲዴቲቭ ስትረስ

ኦክሲዴቲቭ ስትረስ (የኦክሳይድ ጫና) ማለት በሰውነት ሴሎች ውስጥ የሚፈጠሩ፣ ከኦክስጅን የሚመነጩና በቀላሉ ከሌላ ነገር ጋር የሚዋሃዱ ቅንጣቶች እነሱን ከሚያመክነው የመከላከያ ሥርዓት አቅም በላይ ሲሆኑ የሚከሰት የሚዛን መዛባት ነው። መዛባቱ ለረጅም ጊዜ ሲቀጥል የሴል ሽፋንን፣ ፕሮቲንንና ዲኤንኤን ይጎዳል። ከደም ሥር መጥበብ፣ ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ ከጡንቻ መሳሳትና ከእርጅና ጋርም ተያይዞ ይጠናል።

ለዚህ ጫና መጨመር ምክንያት ከሚሆኑት መካከል ሁለቱ እርስ በርስ የሚቃረኑ ይመስላሉ። አንደኛው የኦክስጅን እጥረት (ሃይፖክሲያ) ሲሆን ሁለተኛው የአካል እንቅስቃሴ ማነስ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ከኦክስጅን የሚመጣው ጉዳትም ያንሳል፣ ጡንቻ ሲያርፍም ድካሙ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ተፈጥሯዊ ነው። ጥናቶች ግን በሁለቱም ሁኔታ ጉዳቱ ሊጨምር እንደሚችል ያሳያሉ። ጉዳዩ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ለተቆረቆረችና ብዙ ነዋሪዋ ቀኑን በወንበር ላይ ወደ ማሳለፍ እየሄደ ላለባት ከተማ የዕለት ተዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው።

የጽንሰ ሐሳቡ ታሪክ

አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዴንሃም ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1956 እርጅና የሚመጣው ፍሪ ራዲካል በሚባሉ ቅንጣቶች በሚደርስ የተጠራቀመ ጉዳት ነው የሚል መላ ምት አቀረበ። ፍሪ ራዲካል ማለት ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን የያዘ አቶም ወይም ሞለኪውል ነው። ጥንዱን ለማግኘት ከአጠገቡ ካለ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ የተነጠቀውም በተራው ከሌላ ይነጥቃል፤ ጉዳቱ በዚህ መንገድ ይዛመታል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ጆ ማኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የተባለውን ኢንዛይም ሥራ ይፋ አደረጉ። ሰውነት ሱፐርኦክሳይድን ብቻ የሚያመክን ኢንዛይም ያለው መሆኑ ፍሪ ራዲካል በሕይወት ባለው አካል ውስጥ ሁልጊዜ እንደሚፈጠር ትልቅ ማስረጃ ሆነ። «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ» የሚለውን ስያሜ በዛሬው ትርጉሙ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሄልሙት ዚስ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1985 ነው።

በሴል ውስጥ የሚፈጠርበት መንገድ

ሴል ጉልበት የሚያመርተው በአብዛኛው ማይቶኮንድሪያ በተባሉ ክፍሎቹ ነው። ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖች በማይቶኮንድሪያ ውስጥ በተደረደሩ ፕሮቲኖች ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፉ ይጓዛሉ። በመጨረሻው ጣቢያ ኦክስጅን ይቀበላቸውና ውኃ ይሆናል። በጉዞው መካከል ጥቂት ኤሌክትሮኖች ከመስመሩ ይወጡና ያለ ቦታቸው ከኦክስጅን ጋር ይገናኛሉ። ያን ጊዜ ሱፐርኦክሳይድ ይፈጠራል።

ሱፐርኦክሳይድ በሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ አማካይነት ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለወጣል። ይህንን ደግሞ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ወደ ውኃ ይለውጡታል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሳይመክን ነፃ ብረት ካገኘ ግን ሃይድሮክሲል ራዲካል ይሆናል፤ ይህም ከሁሉ የከፋው ነው። ሱፐርኦክሳይድ ደም ሥርን ከሚያሰፋው ናይትሪክ ኦክሳይድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ፐርኦክሲናይትራይት ይፈጠራል። በዚህ ጊዜ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ አንድ ጎጂ ነገር ይጨመራል፣ ደም ሥርን የሚያላላ አንድ ጠቃሚ ነገር ይጠፋል።

እነዚህ ቅንጣቶች ግን ጎጂ ብቻ አይደሉም። በመጠኑ ሲሆኑ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸው ምልክቶች ናቸው፤ ነጭ የደም ሴሎችም ጀርሞችን ለመግደል ይጠቀሙባቸዋል። ችግሩ የሚመጣው ብዛታቸው ሲበረክትና ቆይታቸው ሲረዝም ነው። ተመራማሪዎች ጫናውን የሚለኩት በቀጥታ ሳይሆን በተዋቸው አሻራዎች ነው። በተጎዳ ስብ ማሎንዲአልዲሃይድን፣ በተጎዳ ፕሮቲን ካርቦኒልን፣ እንዲሁም በደምና በሽንት የተጎዳ ዲኤንኤ ቅሪትን ይለካሉ።

የኦክስጅን እጥረት

ከፍታና የአየር ግፊት

በባሕር ጠለልም ሆነ በራስ ዳሽን ጫፍ ከአየሩ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘው ድርሻ 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚለያየው የአየሩ ግፊት ነው። ከፍታ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው የኦክስጅን መጠንም አብሮ ይቀንሳል።

የቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ከፍታ 2,334 ሜትር ነው። ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው የቀለበት መንገድ ላይ የሚገኘው ኢምፔሪያል አካባቢም በዚሁ የከፍታ ደረጃ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 571 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን በባሕር ጠለል 760 ነው። ስለዚህ በኢምፔሪያል አደባባይ የሚተነፍስ ሰው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በጅቡቲ ወደብ ከሚተነፍሰው ሰው በአንድ አራተኛ ያነሰ ነው።

ይህ ልዩነት ለጤነኛ ሰው በዕረፍት ጊዜ ብዙም አይታወቅም። ሄሞግሎቢን የኦክስጅን ግፊት በመጠኑ ሲቀንስ የያዘውን ቶሎ አይለቅምና የደሙ የኦክስጅን ሙሌት ከ90 በመቶ በላይ ሆኖ ይቆያል። ልዩነቱ የሚገለጠው ጉልበት ሲጠየቅ ነው። በዝቅተኛ ቦታ ለዓመታት ኖሮ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ሲወጣ ቶሎ ማለክለኩ ከዚህ የተነሣ ነው።

ኦክስጅን ሲያንስ ጎጂ ቅንጣት ለምን ይበዛል?

ምክንያቱ በማይቶኮንድሪያ መስመር መጨረሻ ላይ ያለው ተቀባይ ማነሱ ነው። ሁኔታውን በሥራ መውጫ ሰዓት ከሚታይ የመንገድ መጨናነቅ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ከፊት ያለው መውጫ ሲጠብ መኪናው ወደ ኋላ ይደረደራል፤ የቸኮለውም ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ይገባል። ኤሌክትሮኖችም እንዲሁ ኦክስጅን በበቂ ሳይቀበላቸው ሲቀር በመስመሩ ላይ ይከማቻሉ፤ ከመካከላቸው የሚያፈተልኩትም ይበዛሉ።

ከዚህ ሌላ ሦስት ምንጮች አሉ። አንደኛ፣ ኦክስጅን አንሶ ቆይቶ በድንገት ሲመለስ ዛንቲን ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ሱፐርኦክሳይድ ያመነጫል። ሁለተኛ፣ በከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረር ይበረታል፣ ብርዱም ይጨምራል። ሦስተኛ፣ እጥረቱ ሲበረታ ሰውነት የሚያመርታቸው የውጥረት ሆርሞኖች የራሳቸውን ድርሻ ይጨምራሉ።

ሴል የኦክስጅን ማነስን የሚያውቀው ሂፍ በሚባል ፕሮቲን ነው። ኦክስጅን በቂ ሲሆን ሂፍ ወዲያው ይፈርሳል፤ ሲያንስ ግን ይጠራቀምና ቀይ የደም ሴልን፣ አዳዲስ ደም ሥሮችንና የስኳር አጠቃቀምን የሚቆጣጠሩ ዘረ መሎችን ያነሣሣል። ይህን አሠራር የገለጹት ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ እ.ኤ.አ. የ2019 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተቀብለዋል።

የአካል እንቅስቃሴ ማነስ

መቀመጥ ወይም መተኛት ምን ያህል እንደሚጎዳ በግልጽ ካሳዩት ሙከራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ የተካሄደው ነው። አምስት ጤናማ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይነሡ ቆዩ። በዚህ ጊዜ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ ከአንድ አራተኛ በላይ ቀነሰ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች እንደገና ሲመረመሩ የሦስት ሳምንቱ መተኛት ካደረሰው ጉዳት የሠላሳ ዓመቱ እርጅና ያደረሰው አንሶ ተገኘ።

በጡንቻ ውስጥ የሚሆነውን በኋላ የመጡ ጥናቶች አብራርተዋል። ሥራ የፈታ ጡንቻ ጉልበት አይጠየቅም፤ ነገር ግን ምግብ መቅረቡን አያቆምም። ኤሌክትሮን ይገባል፣ የሚወጣው ጉልበት ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ በማይቶኮንድሪያ ላይ ክምችት ይፈጠራል፤ ሱፐርኦክሳይድም ይበዛል። ይህ ደግሞ የጡንቻን ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ያነቃል፣ አዲስ ፕሮቲን መሥራትንም ያዘገያል። ጡንቻው የሚሳሳው በሁለት በኩል ነው ማለት ነው። ለ35 ቀን አልጋ ላይ በቆዩ ጤናማ ወጣቶች የጭን ጡንቻ ላይ በኦክሳይድ የተጎዳ ፕሮቲን ጨምሮ ተገኝቷል።

ፍጥነቱም አስገራሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በመተንፈሻ መሣሪያ የተረዱ ሕሙማን የእንግዳ ሽፋን (ደረትን ከሆድ የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ) ከ18 እስከ 69 ሰዓት ውስጥ ሥራ በመፍታቱ ብቻ ክሮቹ በግልጽ እንደቀጠኑና የኦክሳይድ ጫና ምልክት እንደታየባቸው አመለከተ።

በሌላ በኩል የመከላከያው ሥርዓትም ይዳከማል። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝና ግሉታታዮን የሚመረቱት እንደ ፍላጎቱ ነው። ለረጅም ጊዜ የማይንቀሳቀስ ሰው ሴሎች የሚያነሣሣቸው ስለሌለ ክምችታቸውን አያሳድጉም።

ሁለቱ ሲደራረቡ

የኦክስጅን እጥረትና እንቅስቃሴ ማነስ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ። የሳንባና የልብ ሕሙማን ስለሚያፍናቸው መንቀሳቀስ ይተዋሉ፤ መተዋቸውም ጡንቻቸውን አዳክሞ ማፈኑን ያብሰዋል። ወደፊት በጨረቃ ወይም በማርስ በሚሠሩ መኖሪያዎች ውስጥ የአየር ግፊቱ ዝቅ እንዲል ሊደረግ ይችላል፤ የስበት ኃይሉም አነስተኛ ስለሆነ ጡንቻ ሥራ ይፈታል። ለዚህ ዝግጅት በስሎቬኒያ ፕላኒጻ በተባለ ቦታ ተመራማሪዎች የክፍሉን ኦክስጅን ዝቅ አድርገው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አስመስለው በጎ ፈቃደኞችን ለ10 እና ለ21 ቀን አቆይተዋል። አንዳንዶቹ አልጋ ላይ ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ ግን ይንቀሳቀሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የዚሁ ቡድን ጥናት ኦክስጅን በቀነሰበት ክፍል ለ10 ቀን ከቆዩት መካከል በየቀኑ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያደረጉት የኦክሳይድ ጫናቸው እንቅስቃሴ ካላደረጉት ያነሰ መሆኑን አሳየ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ እጥረቱን ማስቀረት በማይቻልበት ቦታ እንኳ መንቀሳቀስ ጉዳቱን ይቀንሳል።

የአውሮፕላን ጉዞም የዚህ መደራረብ ቀላል ምሳሌ ነው። በበረራ ላይ ያለ የመንገደኞች ክፍል የአየር ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ2,440 ሜትር ከፍታ በላይ ካለው እንዳያንስ ይደረጋል። ይህ ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ተቀራራቢ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በተረከበው ቦይንግ 787 ውስጥ ደግሞ ግፊቱ ከ1,830 ሜትር ገደማ ከፍታ ጋር የሚመጣጠን ነው። በዚህ አውሮፕላን ከቦሌ የሚነሣ መንገደኛ ሰማይ ላይ ሆኖ የሚያገኘው ኦክስጅን መሬት ላይ ሳለ ካገኘው ይበልጣል። ለእሱ በረጅም በረራ የሚያሠጋው ከፍታው ሳይሆን ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ መቀመጡ ነው።

የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች መላመድ

ሰው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የኖረበት ዘመን ረጅም ነው። በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሀበራ በተባለ የ3,469 ሜትር ከፍታ ያለው ዋሻ ውስጥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይጠለሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አረጋግጧል።

አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመች። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ሲሆን የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙም አይለዩም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው፤ የቲቤት ነዋሪዎች ደግሞ የኦክስጅን ሙሌታቸው ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያው ሦስተኛ ዓይነት መላመድ ተብሎ ተመዘገበ።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ግን በኢትዮጵያ ውስጥም ልዩነት መኖሩን አሳየ። በከፍታ ላይ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን በተመሳሳይ ከፍታ ከሚኖሩ አማሮች ከፍ ያለ ነበር። ለዚህ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ በከፍተኛው ቦታ የኖሩበት ዘመን ርዝመት መለያየት ነው። በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረጉ የዘረ መል ጥናቶች ከሂፍ አሠራር ጋር የተያያዙ ዘረ መሎችን ጠቁመዋል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር ያስፈልጋል። ለከፍታ መላመድ ማለት ለመቀመጥ መላመድ ማለት አይደለም። የደጋው ገበሬ ሰውነት የተላመደው እያረሰ፣ እየወቃ፣ ገደል እየወጣና እየወረደ ነው። የልጅ ልጁ በዚያው ከፍታ ቀኑን በቢሮ ወንበርና በታክሲ ቢያሳልፍ ከአያቱ የወረሰው ለከፍታ የሚበጀውን ብቻ ነው።

እንቅስቃሴ እንደ መከላከያ

የአካል እንቅስቃሴ ራሱ ፍሪ ራዲካልን ይጨምራል። ይህ በእንስሳት ጡንቻ ላይ እ.ኤ.አ. በ1982 ታይቷል። ነገር ግን ጭማሪው አጭር ነው፤ ሲያልፍም ትምህርት ትቶ ያልፋል። ሴሉ ምልክቱን ተቀብሎ ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝን፣ ካታሌዝንና ግሉታታዮንን በብዛት ያመርታል፤ አዳዲስ ማይቶኮንድሪያም ይጨምራል። አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ ሰው ስለዚህ በዕረፍት ጊዜ የሚኖርበት ጫና ዝቅ ያለ ነው። ጥቂት ጫና ጥንካሬን የሚያመጣበት ይህ ሂደት ሆርሜሲስ ይባላል።

የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች የዚህ ጉልህ ማሳያ ናቸው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ያደጉባት በቆጂ በአርሲ ደጋ የምትገኝ ስትሆን የአዲስ አበባ ሯጮች ደግሞ በእንጦጦና በሱሉልታ ይለማመዳሉ። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ስለነበረች ከዝቅተኛ ቦታ የመጡት ተወዳዳሪዎች ተቸግረዋል። ከፍታ ብቻውን ግን ሯጭ አያደርግም፤ ሥልጠና ያስፈልጋል።

የቫይታሚን እንክብልስ? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ለአራት ሳምንት እንቅስቃሴ የሠሩ ወጣቶችን በሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን ቫይታሚን ሲና ኢ በከፍተኛ መጠን ሰጠ። እንክብሉን የወሰዱት ከእንቅስቃሴው ሊያገኙት የሚገባውን የኢንሱሊን አሠራር መሻሻል አላገኙም። ምልክቱ ስለጠፋ ሴሉ ሳይማር ቀረ ማለት ነው። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ ለውዝና ጥራጥሬን ከመሳሰሉ ምግቦች የሚገኘው አንቲኦክሲዳንት መጠኑ የተመጣጠነ ስለሆነ ከዚህ ጋር አይምታታም።

በአዲስ አበባ ኑሮ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ በመካከለኛ እንቅስቃሴ ይቆጠራል። ከኢምፔሪያል እስከ መገናኛ ወይም እስከ ቦሌ ያለውን መንገድ በከፊል በእግር የሚሸፍን ሠራተኛ በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ከተራመደ ዝቅተኛውን መጠን ያሟላል።

በከተማዋ ይህን የሚያበረታቱ ሥራዎች ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ሰው ያሳትፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ደግሞ «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ መንገዶችን ለተሽከርካሪ ዘግቶ ለእግረኛ የመክፈት ልማድ ተጀመረ። በኮሪደር ልማት ሥራም ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለውን ጨምሮ በተለያዩ መስመሮች የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል።

ሁለት ነገሮች ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው የተሽከርካሪ ጭስ ነው። በጭሱ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ብናኞች ራሳቸው የኦክሳይድ ጫና ያስከትላሉ፤ ስለዚህ ትራፊክ ከመብዛቱ በፊት በማለዳ ወይም ከዋናው መንገድ ገባ ባለ ቦታ መራመድ ይሻላል። ሁለተኛው የከሰል ጭስ ነው። በተዘጋ ክፍል የነደደ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ሄሞግሎቢንን ይይዛል። ሽታና ቀለም የለውም። ከፍታው አስቀድሞ ኦክስጅንን በቀነሰበት ከተማ ተጨማሪ እጥረት ያመጣል፤ ሲበዛም ይገድላል። ቡና የሚፈላበትም ሆነ ብርድ ለመከላከል የሚነድ ማንደጃ መስኮትና በር በተከፈተበት ቦታ መሆን አለበት፤ ክፍል ውስጥ ተቀጣጥሎ ሳለም መተኛት አይገባም።

የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ሕመም ያለበት ሰው እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት አዲስ እንቅስቃሴ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ጤናማ ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዝግታ ጀምሮ ቀስ በቀስ ቢጨምር ሰውነቱ ለመላመድ ጊዜ ያገኛል። በሥራ ምክንያት ለረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ሰው በየመካከሉ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ መንቀሳቀሱ፣ ደረጃ መውጣቱና ስልክ ቆሞ ማነጋገሩ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠርለታል።